የተገኘ ቦርሳ የጸሎት መልስ አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰመራ በአንድ የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ማራገቢያው ሙቀቱን ከወዲያ ወዲህ ከማዞር በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም። የምስክርነት ሰዓት ደረሰና አንድ ወንድም ተነሣ። ከአዋሽ ሲመጣ በአውቶቡሱ ወንበር ሥር ትንሽ ቦርሳ እንዳገኘ ነገረን። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ስለ ቤት ኪራይ ሲጸልይ ቆይቷል። በቦርሳው የነበረው ገንዘብ ኪራዩን ከፍሎ ተርፏል። «ጌታ በጊዜው መለሰልኝ» አለ። ከዚያም እንደ ዋዛ፣ «ብሩ የተጠቀለለው በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ነበር» ብሎ ጨመረ።

አጨበጨብን። ሃሌ ሉያ አልን። እኔም ብያለሁ።

ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «ማዘዣው የማን ነበር?» አላለም። መሪው አልጠየቀም፤ መዘምራኑ አልጠየቁም፤ በኋላ ወንበር የተቀመጥነውም አልጠየቅንም። በዚያች ሰዓት አንድ የታመመ ሰው፣ ወይም ለታመመ ልጁ መድኃኒት ሊገዛ የወጣ አባት፣ በአዋሽ ወይም በሚሌ መናኸሪያ ኪሱን እየዳበሰ ቆሞ ሊሆን ይችል ነበር። እኛ ደግሞ በእርሱ ዕንባ ላይ እየዘመርን ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ጭብጨባዬን መመለስ ስለማልችል ነው።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ነገሩን ሳላለሳልስ ልናገር። የወደቀ የሰው ገንዘብ አንስቶ ኪስ ከትቶ፣ በላዩ የእግዚአብሔርን ስም መጥራት ከስርቆት ይብሳል። ሌባ ሲሰርቅ ቢያንስ እግዚአብሔርን ተባባሪ አያደርግም። እኛ ግን የወንድማችንን ኪሳራ የአባታችን ስጦታ ብለን ጠራነው። አባታችን ለአንዱ ልጁ ኪራይ የሚከፍለው የሌላውን ልጁን መድኃኒት ወስዶ ነው እያልን መመስከራችን ነው። እንዲህ ያለውን አምላክ እኔ አላውቀውም፤ እናንተም አታውቁትም።

በቃሉ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ግልጽ ነው። ዘዳግም 22 ከቁጥር 1 እስከ 3 አንብቡ። የወንድምህ በሬ ወይም በግ ጠፍቶ ብታይ መልስለት ይላል። ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ወይም ካላወቅኸው ደግሞ ወደ ቤትህ ውሰደው፣ ፈልጎት እስኪመጣ ድረስ አቆየው፣ ሲመጣም ስጠው ይላል። ይህ ለበሬና ለበግ ብቻ እንዳይመስለን ስለ አህያም፣ ስለ ልብስም፣ ስለ ጠፋ ነገር ሁሉ ይደግመዋል። ዘጸአት 23፥4 ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ እዚያ የጠፋው በሬ የጠላትህ ነው። የምትጠላውን ሰው በሬ እየነዳህ ወደ ደጁ መውሰድ አለብህ። ስለዚህ «የማላውቀው ሰው ነው»፣ «የእኛ ሰው አይደለም»፣ «ያ ሰው ክፉ ነው» የሚሉት ማመካኛዎች ከሙሴ ዘመን ጀምሮ ተዘግተዋል።

በዚያው በዘዳግም ላይ ብዙዎቻችን የምንዘለው ሐሳብ አለ። የጠፋውን አይቶ እንዳላየ መሆንም ተከልክሏል። «እኔ ምንም አልነካሁም፤ እጄ ንጹሕ ነው» የሚል ሰው በዚህ ሕግ ፊት ነጻ አይወጣም። በአውቶቡሱ ወለል ላይ የወደቀውን ስልክ አይተህ እግርህን ሰብስበህ ብትቀመጥ፣ ከኋላህ ላለው ሌባ ቦታ አዘጋጅተህለታል።

አሁን የምንሰማቸውን መከራከሪያዎች አንድ በአንድ እንያቸው፤ ሁሉንም ከወጣቶቻችን አፍ ሰምቻቸዋለሁና።

የመጀመሪያው፣ «ጴጥሮስ በዓሣው አፍ ገንዘብ አላገኘም ወይ?» የሚል ነው። አግኝቷል፤ ማቴዎስ 17፥27። ነገር ግን ያን ዓሣ ፈልጎት ወደ ባሕሩ ዳር እያለቀሰ የመጣ ባለቤት በታሪኩ ውስጥ የለም። ጌታ ራሱ ሂድ ብሎ አዘዘው፤ የተገኘውም ገንዘብ ለጌታና ለጴጥሮስ ግብር ተከፈለ። ባለ ስም የሐኪም ማዘዣ የተጠቀለለበት ቦርሳ ግን ከዓሣ አፍ አይወጣም፤ ከሰው ኪስ ይወድቃል እንጂ። ሌላው ደግሞ በእርሻ ውስጥ ስለ ተሰወረው መዝገብ ያነሣል፤ ማቴዎስ 13፥44። ያ ሰው መዝገቡን ተሸክሞ አልሮጠም። ያለውን ሁሉ ሸጦ እርሻውን ገዛ። ምሳሌውም የሚያስተምረው መንግሥተ ሰማያት ያለንን ሁሉ እንደሚያስጥል ነው። የሰው ቦርሳ ለመውሰድ ፈቃድ የሚፈልግ ከዚያ ምሳሌ አያገኝም።

እንዲያውም መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጠፋ ነገር የሚናገራቸውን ታሪኮች ሰብስባችሁ ተመልከቱ። በ2ኛ ነገሥት 6 ከነቢያት ልጆች የአንዱ የመጥረቢያ ብረት ዮርዳኖስ ውስጥ ገባ። ሰውየው የጮኸው ብረቱ የተዋሰው፣ የሰው ንብረት ስለ ነበረ ነው። እግዚአብሔርም በኤልሳዕ እጅ ብረቱን አንሳፈፈ። ተአምሩ የተደረገው የሰው ዕቃ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ነው! በሉቃስ 15 ሴቲቱ የጠፋባትን ድሪም ስታገኝ ጎረቤቶቿን ደስ ይበላችሁ ብላ ጠራች። በጉም ሲገኝ ደስ ያለው እረኛው ነው። የጠፋ ሲገኝ ደስታው የጠፋበት ሰው ነው። እኛ የሰው ቦርሳ ይዘን በጉባኤ ፊት ስንዘምር ገንዘቧን ብቻ አልወሰድንም፤ የዚያችን ሴት ድግስም ሰረቅን።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ «ባለቤቱ ሀብታም ነው፤ ወይም ድርጅት ነው፤ አይጎዳም» የሚል ነው። ይህን የመሰለ ፈተና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአገር ደረጃ መጣብን። ከመጋቢት 6 ሌሊት እስከ መጋቢት 7 ማለዳ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጠረ፤ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ተማሪዎች በሌሊት በኤ.ቲ.ኤም. ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንደ ገለጸው በዚያ ጊዜ ያላግባብ የወጣውና የተዘዋወረው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘቡን መልሱ የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ባንኩም የሚመልሱትን እንደማይከስ ተናገረ። ብዙዎች መለሱ። ያልመለሱትን ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አወጣ።

በዚያች ሌሊት ከየኅብረቶቻችን ማን ተሰልፎ እንደ ነበር አላውቅም፤ ማንንም አልከስም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በቀጣዩ እሑድ በየኅብረታችን ስለዚህ ጉዳይ የተሰበከበት ስንት ቦታ ነው? ስለ አለባበስ፣ ስለ ዘፈን፣ ስለ ፀጉር ስንት ትምህርት ሰጥተናል! የአገሪቱ ወጣት በአንድ ሌሊት ሲፈተን ግን ብዙዎቻችን እንደ ቀልድ አወራንበት። አንዳንዱም «እኔ ተኝቼ ነበር እንጂ» ብሎ ተቆጨ። ወንድሜ፣ ያ ቁጭትህ ልብህን ገልጦታል። እጅህ ያልሰረቀው ስላላወቀ ብቻ ነው።

«ባንክ ነው፤ አይጎዳም» ለሚለውም መልስ አለ። የባንክ ገንዘብ የሚባል የብቻው ገንዘብ የለም። የእናትህ ቁጠባ ነው፤ የሰመራው ባለ ሱቅ የዕለት ገቢ ነው፤ ከዐረብ አገር እህትህ ጉልበቷን ሸጣ የላከችው ነው። ባለቤቱ አይታይምና የለም ማለት አይደለም። የወንጀል ሕጋችንም ቢሆን በስሕተት ወይም በአጋጣሚ እጁ የገባውን የሌላ ሰው ንብረት የራሱ የሚያደርገውን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። የዓለም ሕግ ወንጀል ያለውን እኛ በጉባኤ ምስክርነት ካልነው፣ ዓለም በጽድቅ ቀደመን ማለት ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ስለዚህም በአክብሮት ልመልሰው። «ለሹፌሩ ብሰጠው ሹፌሩ ይወስደዋል። ለፖሊስ ባስረክበው እዚያው ይቀራል። ሌላ ሰው ከሚበላው እኔ ብወስደው ምን አለበት?» ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። አደራ የበላ ሰው በየቦታው አለ። ነገር ግን ከዚህ ፍርሃት የሚከተለው መደምደሚያ የተሳሳተ ነው። ሌላው ሊሰርቅ ይችላል ማለት እኔ እንድሰርቅ ተፈቅዷል ማለት ከሆነ፣ በዓለም ላይ ንጹሕ ሆኖ የሚቀር ሰው የለም። ከፍርሃቱ በትክክል የሚከተለው፣ አስረካቢው ጠንቃቃ መሆን አለበት የሚለው ነው።

ለዚህ የአንድ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ልንገራችሁ። አቶ ሲራክ አስፋው በሆላንድ በሮተርዳም ከተማ የሚኖር ስደተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከቤቱ ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አንድ ዘውድ አገኘ። ዘውዱ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ የክርስቶስና የሐዋርያት ሥዕል የተቀረጸበት፣ በትግራይ ከሚገኘው ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ቅርስ ነበር። ሲራክ ዘውዱ ከቤቱ እንዳይወጣ ከለከለ። በዚያን ጊዜ ወደ አገር ቢልከው ተመልሶ ይጠፋል ብሎ ፈራ። ልክ እንደ እናንተ ፍርሃት! ታዲያ ምን አደረገ? አልሸጠውም። አላጌጠበትም። ማንም አያውቅብኝም ብሎ የራሱ አላደረገውም። በአፓርታማው ውስጥ 21 ዓመት ደብቆ ጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጊዜው ደርሷል ብሎ ሲያምን አርተር ብራንድ የተባለ የጠፉ የጥበብ ሥራዎችን የሚፈልግ ሆላንዳዊ መርማሪ አማከረ፤ ለሁለቱ መንግሥታትም ተነገረ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ዘውዱ አዲስ አበባ ገብቶ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ተሰጠ።

21 ዓመት! እስቲ አስቡት። የስደተኛ ኑሮ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከቤቱ ውስጥ ያለውን ሸጦ ችግሩን ሊያቃልል ይችል ነበር። በየማለዳው ሲነቃ «ሌላ ሰው ከሚበላው እኔ ብበላው» ለማለት ከእናንተ የበለጠ ምክንያት ነበረው። እርሱ ግን ባለቤቱ ፈልጎ እስኪመጣ፣ መንገዱም እስኪከፈት ድረስ አቆየው። ይህ የዘዳግም 22 ቁጥር 2 ትእዛዝ ቃል በቃል መፈጸሙ ነው። ባለሥልጣንን ያላመነ ሰው አደራ ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤት ሊሆን ግን አይችልም። በቤትህ ያቆየኸው ዕቃ የአንተ አይሆንም፤ አንተ የዕቃው ዘበኛ ትሆናለህ እንጂ። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ያውቁ ስለ ነበር ነው።

አራተኛው መከራከሪያ ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወጣ ነው። «ከገንዘቡ አሥራት አውጥቻለሁ» ይላሉ። በኢሳይያስ 61፥8 እግዚአብሔር ፍትሕን እንደሚወድ፣ ከመሥዋዕት ጋር የመጣን ቅሚያ ግን እንደሚጠላ ተነግሯል። የሰው ገንዘብ አሥር ጊዜ ቢከፈል ሁሉም ክፍል የሰው ነው። ለእግዚአብሔር የሰጠኸው አንዱ እጅ ዘጠኙን አያነጻልህም። እናንት ገንዘብ ያዦችና መሪዎች ሆይ፣ «ከየት መጣ?» ብሎ የማይጠይቅ የመባ ሳጥን አታኑሩ።

አሁን ስለ ቦታችን እንነጋገር። በገጠር መንደር ሁሉም ይተዋወቃል። ያገኘውን የሚሸሽግ ሰው ነገ በውኃ ቧንቧው ዳር ይታወቅበታል፤ ስለዚህ ሐቀኝነት ከፊሉ የጎረቤት ዓይን ሥራ ነው። አዋሽና ሰመራ ግን የመንገድ ከተሞች ናቸው። አዋሽ ሰባት ከጥንት ጀምሮ የባቡር ጣቢያ ናት፤ የጅቡቲና የድሬዳዋ መንገዶችም እዚያ ይለያያሉ። ሰመራና ሎግያ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ቀን ከሌሊት የሚያልፉባቸው ናቸው። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ የጉልበት ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ወደ ባሕር ማዶ ለመሻገር የሚጓዘው ስደተኛ፣ ሁሉም አላፊ ነው። አዋሽ ላይ ቦርሳው የወደቀበት ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ገዋኔ ደርሷል። ተመልሶ መፈለግ አይችልም፤ ፊትህን አያውቅም፤ ስምህንም ሰምቶ አያውቅም። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ እንድትመልስ የሚያስገድድህ የጎረቤት ዓይን የለም። እዚህ የሚያየው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እምነታችን እውነት መሆኑ ወይም አለመሆኑ ከመድረኩ ይልቅ በመናኸሪያው ይለካል። ያ የወደቀ ገንዘብ የአንድ ስደተኛ ከሆነ ደግሞ፣ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ የሰጠው፣ በዓለም ያለው ሁሉ ሊሆን ይችላል።

በዚህም ጉዳይ ጎረቤቶቻችን የአፋር አርብቶ አደሮች ያሳፍሩናል። እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች «ወንጌል ያልደረሰው ምድር» እያልን ስለምንጸልይላቸው ሕዝብ ነው የምናገረው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ሰላም ተባብለው፣ ቁጭ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ የት ቦታ የማን እንስሳ እንደ ታየ። የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዳጉ ላይ ውሸት ነውር ነው፤ በባሕላቸውም ያስቀጣል። አንድ ጊዜ ከገዋኔ በላይ መኪናችን ተበላሽቶ ቆመን ሳለ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ረጅም ጊዜ ሲነጋገሩ አየሁ። አብሮን የነበረውን የአካባቢውን ሰው «ምን እያሉ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስለ ጠፋች ግመል ነው» አለኝ። «የዘመዱ ናት?» ስለው በመገረም ተመለከተኝና፣ «የማን እንደሆነች ገና አላወቁም፤ ለዚህ እኮ ነው የሚነጋገሩት» አለኝ።

በዚያ በረሃ አንዲት ግመል ባለቤቷን እስክታገኝ ወሬዋ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። በእኛ ጉባኤ ግን የሐኪም ማዘዣ የተጠቀለለበት ገንዘብ ወሬው ከመድረኩ አላለፈም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በሃይማኖታቸው የወደቀ ንብረት ያገኘ ሰው ለአንድ ዓመት ያህል ማሳወቅ እንዳለበት ይማራሉ። እኛ ስንት ቀን አሳወቅን? አንድ ቀን እንኳ አላሳወቅንም። ታዲያ በየትኛው ፊታችን ነው ወንጌልን የምንነግራቸው? ገንዘቡ የጠፋበት ሰው የእኛን ምስክርነት በመስኮት ሰምቶት ቢሆን ስለ ኢየሱስ ምን ይል ነበር?

እንግዲህ መውቀስ ብቻ አይበቃም፤ ማድረግ የምንችለውን ልናገር።

በመኪና ውስጥ ያገኛችሁትን ዝም ብላችሁ ኪስ አትክተቱ፤ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ። «ዕቃ ተገኝቷል፤ የጠፋበት ሰው ምን እንደሆነ ይንገረን» በሉ። ቀለሙን፣ በውስጡ ያለውንና የብሩን መጠን እናንተ አትናገሩ፤ የእኔ ነው የሚለው እርሱ ይናገር። ባለቤቱ ካልተገኘ የመኪናውን ታርጋና የሹፌሩን ስልክ መዝግቡ፤ ከሁለት ምስክር ጋር ወደ መናኸሪያው ቢሮ ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ብሩን በፊታቸው ቆጥራችሁ አስረክቡ፤ የተረካቢው ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ። ጽሑፍ ያለበትን አደራ መብላት ከባድ ነው። «ይበሉታል» ለሚለው ፍርሃት መድኃኒቱ ይህ ነው።

መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም የሐኪም ወረቀት ስታገኙ ስሙን አንብቡ፤ የሰጠውን መሥሪያ ቤት ወይም ክሊኒክ ጠይቁ። በቴሌግራም ስታስተዋውቁ ሙሉውን ፎቶ አትለጥፉ፤ በወረቀቱ የሚያጭበረብር አይጠፋም። በስሕተት በቴሌብር ወይም በባንክ የገባላችሁን ገንዘብ አትንኩ። ደውሎ «በዚህ ሌላ ቁጥር መልስልኝ» የሚላችሁም አጭበርባሪ ሊሆን ይችላልና ሒሳባችሁን አይታችሁ በራሱ በድርጅቱ በኩል ብቻ እንዲመለስ አድርጉ። ስትመልሱ ወሮታ አትጠይቁ። ባለቤቱ በፈቃዱ ቢያመሰግናችሁ ኃጢአት የለበትም፤ ዋጋ ቆርጦ መደራደር ግን የሰውን ንብረት በመያዣነት መያዝ ነው። ፎቶ ተነሥታችሁም «ታማኙ ወጣት» ተብላችሁ ለመታየት አትቸኩሉ። የሰውን ዕቃ መመለስ እኮ ዕዳ መክፈል ነው።

ለኅብረት መሪዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱ ኅብረት አንድ የአደራ ደብተር ይኑረው። ምን ተገኘ፣ የት፣ መቼ፣ ማን አገኘው፣ ለማን ተሰጠ፤ ይህ ይጻፍበት። በየሳምንቱም ከምስክርነት በፊት ይነበብ። ዋጋው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ይህ የእኛ ዳጉ ይሁን። ሳሙኤል በሽምግልናው በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ የማንን አህያ ወሰድሁ ብሎ ጠየቀ፤ 1ኛ ሳሙኤል 12። መልስ የሰጠው ከሳሽ አልነበረም። ከእኛ አገልጋዮች ይህን ጥያቄ በአደባባይ መጠየቅ የሚደፍር ስንት ነው?

ይህን እያነበባችሁ ልባችሁ የሚመታ ካላችሁ፣ ቀድሞ የወሰዳችሁት ነገር ካለ፣ መንገዱ አልተዘጋም። ዘሌዋውያን 6 የጠፋ ነገር አግኝቶ የካደውን ሰው ዋናውን ከነአምስተኛው እጅ ለባለቤቱ መልስ ይለዋል። ከባለቤቱ ጋር ሳይጨርስ ወደ መሠዊያው አይሄድም። ዘኬዎስም በጌታ ፊት ቆሞ ስለ መመለስ ተናግሯል። «ንስሐ ገብቻለሁ፤ በደሙ ተሸፍኗል» ብላችሁ የሰውን ብር ይዛችሁ አትቀመጡ። ይቅርታ ኃጢአታችሁን ያስወግዳል፤ የሰውየውን ብር ግን ከኪሳችሁ ወደ ኪሱ የምትወስዱት እናንተ ናችሁ።

ወደዚያ ወንድም ልመለስ። ከአንድ ወር ያህል በኋላ ሎግያ ላይ ሻይ ስንጠጣ አነሣሁበት። በመጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ዝም አለ። «ማዘዣው የት አለ?» ስለው፣ «ጣልኩት» አለኝ። «ስም ነበረበት?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ስም ነበረበት፤ የክሊኒኩም ማኅተም ነበረበት። በአንድ ጥዋት ባለቤቱን ማግኘት ይቻል ነበር። አሁን ግን ስሙን አያስታውሰውም።

እርሱና እኔ ገንዘቡን በሦስት ወር አጠራቀምን። እኔ የከፈልኩት ስላጨበጨብኩ ነው። መናኸሪያ ሄደን ጠየቅን፤ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ዘኍልቍ 5፥8 የሚመለስለት ሰው ላልተገኘለት ዕዳ ያዘዘውን እያሰብን፣ መድኃኒት መግዣ ላጡ ሕመምተኞች አዋልነው። ይህም ዕዳውን ከፈለ ብዬ አላስብም። ያ ሰው አላገኘውምና።

ሰውየው ዛሬም አዋሽና ሰመራ መካከል በሆነ ቦታ ይኖር ይሆናል፤ ወይም በዚያ ሳምንት መድኃኒቱን ሳያገኝ ቀርቶ ይሆናል። አላውቅም። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ በኅብረታችሁ አንድ ወንድም ተነሥቶ «ገንዘብ አገኘሁ» ቢል፣ እለምናችኋለሁ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንዳችሁ እጃችሁን አውጡና «የማን ነው?» በሉ።